ተርቦ ሲቃጠል መጀመሪያ የዘይቱ መንገድ ይታይ፦ ለጭነት ማኅበሩ ሥራ አመራር ቦርድ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ የማኅበሩ የሥራ አመራር ቦርድ አባላት፣

ግልባጭ፦ በወሎ መስመር ለምትሠሩ ባለንብረቶችና ሹፌሮች በሙሉ

አሰላሙ ዐለይኩም፤ ጤና ይስጥልን።

እኛ በኮምቦልቻና በደሴ ጋራዦች የናፍጣ ሞተር የምንሠራ መካኒኮች ነን። የምንጽፍላችሁ ሰሞኑን ለአባላት ስለበተናችሁት ደብዳቤ ነው። ቢሮ መጥተን ነበር፤ «ቦርዱ ሲሰበሰብ ይታያል፣ ጠብቁ» ተባልን። ጠበቅን። ቦርዱ አቤቱታችንን ለማየት ሳይሰበሰብ ውሳኔው ሥራ ላይ ዋለ። የሹፌሮች ደመወዝ ሲቆረጥ ስናይ ደግሞ በአደባባይ መጻፉ ይሻላል አልን።

ደብዳቤው ተርቦን፣ ማለትም በሞተሩ ጭስ እየዞረ ወደ ሞተሩ አየር የሚገፋውን ዕቃ፣ በተመለከተ አራት ነገር ይላል። ተርቦ ከተቃጠለ ወጪው ከሹፌሩ ይቆረጣል። ተርቦ የቀየረ ጋራዥ የስድስት ወር ዋስትና ይፈርማል፤ ከዚያ በፊት ከተበላሸ በራሱ ኪሳራ ይተካል። በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ይቀየር የነበረው የሞተር ዘይት በየ10,000 ይሆናል። ነዳጅ ለመቆጠብ ደግሞ መኪና ግቢ እንደገባ ሞተር ወዲያው ይጠፋል። ሦስተኛውና አራተኛው ውሳኔ ተርቦ ያቃጥላሉ፤ አንደኛውና ሁለተኛው ሒሳቡን ለሹፌርና ለመካኒክ ያወርሳሉ። ይህን ውሳኔው በተላለፈበት ስብሰባ ላይ የተናገረ ሰው ካለ ቃለ ጉባኤው ይውጣና እንየው።

ውሳኔው ተርቦንና ጎማን በአንድ ዓይን ያየ ይመስላል። ጎማ እያለቀ ይሄዳል፣ ማለቁም በዓይን ይታያል። ተርቦ ግን በተፈጥሮው ብዙ የሚያልቅ ነገር የለውም። ዘይት እስካገኘ ድረስ ከሞተሩ ጋር አብሮ ሊያረጅ ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ የሚሞተው ከውጭ በመጣበት ነገር ነው፤ ወይ ዘይት አጥቶ፣ ወይ ቆሻሻ ዘይት ጠጥቶ፣ ወይ በአየር ማጣሪያው በኩል ባዕድ ነገር ገብቶበት። እኛ ጋ ከሚመጡት ውስጥ በብዛት የምናየው የመጀመሪያውን ነው።

ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። የሲኖትራክ ሞተር ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት ሲወጣ በደቂቃ ቢበዛ 2,000 ዙር አካባቢ ነው የሚሄደው። የተርቦው ዘንግ ግን በጭነት ጊዜ ከ100,000 ዙር በላይ ሊደርስ ይችላል። በዚህ ፍጥነት ብረት በብረት ላይ መዞር አይችልም። ዘንጉ የሚዞረው በእሱና በቦኮላው (ዘንጉን አቅፎ በሚይዘው ቀለበት) መሀል ባለች ስስ የዘይት ሽፋን ላይ ተንሳፎ ነው። በአንድ ጎኑ እስከ 600 እና 700 ዲግሪ የሚደርስ ጭስ ይመታዋል። ያንን ሙቀት ከዘንጉ ላይ እየለቀመ የሚወስደውም ያው ዘይት ነው። ዘይቱ ለጥቂት ሰከንድ ቢቋረጥ እንኳ ጉዳቱ ይጀምራል። ቦኮላው ይፋቃል፣ ዘንጉ ይወላገዳል፣ ክንፎቹ ቤታቸውን ይነካሉ። ከዚያ ፉጨት፣ ከዚያ ጭስ፣ ከዚያ ስልክ ለባለንብረቱ።

መስመራችንንም ታውቁታላችሁ። ከጅቡቲ የጫነ መኪና ሚሌ ላይ በዚያ ቃጠሎ ይነሳል። ባቲን አልፎ ኮምቦልቻ ሲገባ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,800 ሜትር ከፍታ አልፏል። ወደ ደሴ የሚቀጥል ከሆነ ሐረጎ አለ፤ በሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ውስጥ እንደገና ከ600 ሜትር ያላነሰ ዳገት። ደሴ ላይ ያለው አየር ከጅቡቲ ወደብ አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ስለዚህ ያንኑ ያህል አየር ለሞተሩ ለማድረስ ተርቦው የበለጠ መፍጠን አለበት። በአጭሩ፣ መኪናው ግቢያችሁ በር ላይ ሲደርስ ተርቦው የጉዞውን ከባድ ሥራ ገና መጨረሱ ነው። ልክ እዚያች ቦታ ላይ «ሞተር አጥፋ» ይባላል።

ሞተር ሲጠፋ የዘይት ፖምፓው ይቆማል። የተርቦው ሙቀት ግን አይቆምም። ከጭስ ማውጫው በኩል ያለው የጋለ ብረት ሙቀቱን ወደ መሀል ይለቃል። እዚያ የቀረው ዘይት የሚሄድበት የለውም፤ ባለበት ይጋገራል። መጥበሻ ላይ ተረስቶ የተቃጠለ ዘይት ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ሰው ይህንንም ያውቀዋል። በመጀመሪያው ቀን ቀጭን ጥቁር ሽፋን ነው። በሚቀጥለው ላዩ ላይ ሌላ ይጨመራል። ወደ ተርቦው ዘይት የሚያስገባው ቱቦ ውስጡ ሲበዛ የእስክሪብቶ ቀፎ ቢያክል ነው። ያ እየጠበበ፣ እየጠበበ ይሄዳል።

መኪናው ዳገት ጨርሶ ሲገባ ከሁለት እስከ ሦስት ደቂቃ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ በዝግታ እየዞረ) ቢቆይ ዘይቱ እየዞረ ሙቀቱን ያወጣዋል። ነዳጅ ውድ እንደሆነ፣ ሰልፉም እንደሚያንገሸግሽ እኛም እናውቃለን። ግን እንተሳሰብ። ከባድ መኪና በሚኒሞ የሚጠጣው በሰዓት ሦስት ሊትር ገደማ ነው። በሦስት ደቂቃ አንድ የውሃ ብርጭቆ አይሞላም። ቁጠባው ይህ ነው። የአንድ ተርቦ ዋጋ ስንት ብርጭቆ ናፍጣ እንደሚገዛ ደግሞ ከእኛ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ፤ ደረሰኙ እናንተ ጋ ነው ያለው።

አሁን ወደ ሰዎቹ እንምጣ።

አንድ የሚሌ መስመር ሹፌር አለ። ተርቦው ተቃጠለበትና ሌላ ከተማ ላይ በአዲስ ተተካለት። ብዙም ሳይቆይ አዲሱም ሄደ። በውሳኔያችሁ መሠረት የሁለተኛው ዋጋ ከደመወዙ መቆረጥ ተጀመረ። ሰውየው ኮምቦልቻ እኛ ጋ ሲመጣ ይምላል፣ «ወላሂ ዘይቱን ሳላይ ተነስቼ አላውቅም» ይላል። የዘይት መለኪያ ዘንጉን መዝዘን አየነው፤ እውነቱን ነው፣ ዘይቱ ልክ ነው። ችግሩ ኮፓ (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት ማጠራቀሚያ) ውስጥ ያለው ዘይት መጠን አይደለማ። ወደ ተርቦው የሚሄደውን ቱቦ ፈታነው። ከውጭ ሲታይ ደህና ነው፣ ቀለሙ እንኳ አልለቀቀም። በቀጭን ሽቦ ከአንዱ ጫፍ ብንሰደው መሀል ላይ ቀጥ አለ። ገፋ ስናደርገው የከሰል ፍርፋሪ የሚመስል ጥቁር ነገር እየረገፈ ወጣ፤ በጣት ሲያሹት እንደ አሸዋ ይሻክራል። የተቃጠለው ተርቦ ዘንግ ደግሞ ቦኮላው የሚቀመጥበት ላይ ሰማያዊና ወይን ጠጅ ቀለም ይዟል። ብረት እንዲህ የሚቀላቀል ቀለም የሚያመጣው ሲግል ነው። ያለ ዘይት ዞሯል ማለት ነው። የመጀመሪያው ተርቦ ሲቀየር ያ ቱቦ አብሮ ተቀይሮ ቢሆን ሁለተኛው ዛሬም ይሠራ ነበር። ያን ጊዜ «ቱቦው ምን ሆነ፣ ተርቦውን ብቻ አስሩለትና ማታ ይነሳ» ያለው ሹፌሩ አልነበረም።

ቱቦው የሚቀየር እንጂ የሚታጠብ ዕቃ አይደለም። በኮምፕሬሰር ነፍተው የሚመልሱት አሉ። ከውስጥ ላላ ያለው ግማሹ ይወጣል፤ ግማሹ በሚቀጥለው ቀን ተነቅሎ አዲሱ ተርቦ ውስጥ ይገባል። በአንዳንድ ሞተሮች ላይ ቱቦውን የሚያስረው ባለ ቀዳዳ ቡሎን ውስጥ ትንሽ ወንፊት አለች። ካላወቁባት አትታይም። እሷ ከተደፈነች ቱቦ ቢቀየርም ለውጥ የለውም።

ሁለተኛው ጉዳይ የሙያ አጋሮቻችንን ስለሚነካ በጥሞና እንናገረው። በዘይት መግቢያው አፍ ላይ ዘይት እንዳያመልጥ የወረቀት ወይም የብረት ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ይደረጋል። መለዋወጫው ሱቅ ከሌለ፣ ባለንብረቱም በየአሥር ደቂቃው እየደወለ ከሆነ፣ ሲሊኮን ቀብቶ የሚያስር አለ። ሲታሰር ትርፉ ሲሊኮን ወደ ውጭም ወደ ውስጥም ይወጣል። የውጩን በጨርቅ ይጠርጉታል። የውስጡ ግን ደርቆ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ አንድ ቀን ተገንጥሎ የዘይቱን ቀዳዳ ይዘጋል። ከአንድ አይሱዙ ተርቦ ውስጥ የጤፍ ገለባ የምታክል ግራጫ ቁራጭ በመርፌ አውጥተናል። ይህ የመካኒክ ጥፋት ነው፤ አናስተባብልም። ዋስትና የምንፈርመው እንዲህ ላለው ስህተት ከሆነ ደስ ይለናል። የናንተ ደብዳቤ ግን ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሳይለይ ሁሉንም በአንድ ፊርማ ያስከፍላል።

ሦስተኛ፣ መግቢያው ብቻ አይደለም፤ መውጫውም አለ። ከተርቦ የሚወርደው ዘይት ወደ ኮፓ የሚመለሰው ማንም ገፍቶት አይደለም፤ በራሱ ክብደት ነው የሚፈሰው። መመለሻ ቱቦው ከታጠፈ ወይም ከጠበበ ዘይቱ እላይ ይጠራቀማል፣ በዘንጉ ጎን ሾልኮ ወደ አየር መሳቢያውና ወደ ጭስ ማውጫው ይገባል። ሰማያዊ ጭስ ይመጣል። ሁሉም «ሲሉ (የዘይት መከለያው) ተበልቷል» ይላል። ተርቦ ውስጥ ግን እናንተ የምታስቡት ዓይነት የጎማ ሲል የለም። በቀለበት ነው የሚዘጋው፤ ቀለበቱም ዘይቱ በደንብ ከወረደለት ነው ሥራውን የሚሠራው። አንድ ከወልድያ መስመር የመጣ ቅጥቅጥ ነበር። የድልብን ዳገት ሲወጣ ከኋላው ሰው አይታይም ነበር ይላሉ፤ የጭሱ ብዛት። ተርቦው ተቀይሮለታል፣ ጭሱ ግን እንዳለ ነው። ስናየው መመለሻው ላይ የራዲያተር ውሃ ጎማ ቆርጠው አስረውበታል። የውሃ ጎማ የጋለ ዘይት አይችልም። ከውጭ ጎማ ይመስላል፣ ከውስጥ ግን አብጦ ቀዳዳው ትንሽ ጣት አያስገባም። ዘይት የሚችል ትክክለኛ ጎማ ተገዛ፣ የሞተሩ መተንፈሻ ተጸዳ፣ ጭሱ ቆመ። የወረደው «የተበላሸ» ተርቦ ሙሉ ጤነኛ ነበር። ባለንብረቱ አሁን መለዋወጫ አድርጎ ቤቱ አስቀምጦታል።

ስለ ትንንሾቹ መኪኖችም አንድ ነገር እንበል፤ ማኅበሩ ሃይሉክሶችም ስላሉት። ባለ 3 ሊትሩ የቶዮታ ዋን ኬዲ ሞተር የታወቀ ጠባይ አለው። ከኢንጀክተሩ (ናፍጣ ወደ ሲሊንደሩ ከሚረጨው ዕቃ) ሥር ያለችው የመዳብ ሮንዴላ፣ ማሸጊያ ቀለበቷ፣ ስትለቅ ከሲሊንደሩ የሚያመልጠው ጋዝ ዘይቱ ውስጥ ይገባል። ዘይቱ ይወፍራል፣ ጥቀርሻው ኮፓ ውስጥ ያለውን የመሳቢያ ወንፊት ይደፍናል። ምልክቱ የዳሽቦርዱ የዘይት መብራት ነው፤ ጠዋት ሞተር ሲነሳ ለመጥፋት ይዘገያል። ይህን ያዩ ሹፌሮች ሪፖርት አድርገዋል። የተመለሰላቸው መልስ «ከሠራ ይሥራ» ነው። እዚህ ላይ ተርቦው መጀመሪያ ይሞታል፣ ቸል ከተባለ ሞተሩም ይከተላል። ሮንዴላዋ የሳንቲም ዋጋ ናት።

ዘይቱ ራሱ ሌላ ጣጣ ነው። 10,000 ኪሎ ሜትር የሚለውን ቁጥር ከመኪናው መጽሐፍ ላይ አገኛችሁት ይሆናል። መጽሐፉን ከሱ ትንሽ ዝቅ ብላችሁ አንብቡት። ሙቀት፣ አቧራ፣ ከባድ ጭነት፣ ዳገትና ረጅም ሰልፍ ባለበት መስመር ላይ ጊዜው እንዲያጥር የሚያዝ አንቀጽ አለ። የአፋር አቧራና የሐረጎ ዳገት እዚያ ስማቸው አልተጻፈም እንጂ የተባሉት እነሱ ናቸው። በዚያ ላይ በርሜሉ ላይ 15-40 የሚል ስላለ ብቻ ዘይቱ ይበቃል ማለት አይደለም። እሱ የሚናገረው ውፍረቱን ነው። ሙቀትና ጥቀርሻ መቻሉን የሚናገረው ሌላው ማዕረግ ነው፤ ሲኤፍ፣ ሲኤች-4፣ ሲአይ-4 የሚባለው። ሲኤፍ የድሮ ሞተሮች ዘይት ነው። ሲኤች-4 በ1998፣ ሲአይ-4 በ2002 በፈረንጆቹ አቆጣጠር የወጡ ናቸው፤ ለአዳዲስ ባለ ተርቦ ሞተሮች። ርካሹን በርሜል ገዝቶ፣ የሚቀየርበትን ጊዜ እጥፍ አድርጎ፣ ተርቦ ሲጋገር ሹፌሩን መቅጣት ፍርድ አይደለም። እንደገና ተጣርቶ በታወቀ ጣሳ ስለሚሸጠው ዘይት ለጊዜው ዝም እንበል፤ እሱ ራሱን የቻለ ደብዳቤ ይወጣዋል።

ሹፌሮቹ ጥፋት የለባቸውም አላልንም። ጠዋት ሞተር አስነስቶ ዘይት ሳይደርስ ነዳጅ የሚረግጥ አለ። ብርድ ያለበት የደሴ ጠዋት ላይ ዘይት ወፍሮ ነው የሚያድረው፤ ግማሽ ደቂቃ እንኳ መታገስ ያስፈልጋል። ይህንን የሚያስተምር ሥልጠና ማኅበሩ ሰጥቶ አያውቅም። ቅጣቱ ግን ቀደመ።

ስለዚህ የምንጠይቃችሁ ይህን ነው።

ተርቦ ተቃጠለ በተባለ ቁጥር፣ አዲሱ ከመታሰሩ በፊት የዘይቱ መንገድ ከኮፓ እስከ ኮፓ ይመርመር። ወንፊቱ፣ ፊልትሮው፣ መግቢያ ቱቦው፣ ባለ ቀዳዳ ቡሎኑ፣ መመለሻው፣ መተንፈሻው። የተገኘው ነገር በአንድ ገጽ ይጻፍ፤ መካኒኩ፣ ሹፌሩና የባለንብረቱ ተወካይ ይፈርሙበት። የወረደው ተርቦና ቱቦው ምርመራው እስኪያልቅ አይጣሉ። ያለዚያ ወረቀት ከማንም ደመወዝ አይቆረጥ።

መግቢያ ቱቦው፣ ጓርኒሲዮኖቹ፣ ዘይቱና ፊልትሮው ከተርቦው ጋር አብረው እንዲቀየሩ የግዢ ትእዛዙ ላይ ይግቡ። በአዲሱ ተርቦ የዘይት ቀዳዳ ንጹሕ ዘይት ተሞልቶ፣ ነዳጁ ተቋርጦ፣ ሞተሩ ሳይነሳ በሞተሪኖ (በማስነሻው) ብቻ እየዞረ ግፊት እስኪመጣ ጊዜ ይሰጠን። ከዚያም መመለሻው ተፈትቶ በሚኒሞ የሚወርደው ዘይት በዕቃ ተለክቶ ፋብሪካው ከሚለው ጋር ይነጻጸር። ይህ ሁሉ ግማሽ ቀን አይወስድም። ይህን እንድንሠራ ከተፈቀደልን ዋስትናውን እንፈርማለን። «ማታ ይነሳ» ከተባልን አንፈርምም።

የዘይት መቀየሪያው ወደ 5,000 ይመለስ። በዚህ መስመር ላይ ከዚያ ከፍ ይበል የሚል ካለ በላቦራቶሪ የተመረመረ ዘይት ይዞ ይምጣ። ግዢው ማዕረጉን እንጂ ዋጋውን ብቻ አይይ።

በግቢዎቻችሁ በር ላይ የተለጠፈው «ሞተር ወዲያው ይጥፋ» የሚለው ወረቀት ይነሳና የሦስት ደቂቃ ሚኒሞ ይፈቀድ። ይህኛው ዛሬውኑ ሊደረግ ይችላል፤ ስብሰባ አይጠይቅም።

በመጨረሻም እስካሁን ያለ ምርመራ የተቆረጠባቸው ሹፌሮች ገንዘባቸው ይመለስላቸው። የሚሌ መስመሩ መኪና ቱቦና ዘንግ በጋራዥ ተቀምጧል። ቦርዱ ቀን ይቁረጥልን፤ ይዘን እንመጣለን፣ ሽቦውንም ራሳችሁ አስገብታችሁ ታዩታላችሁ።

ከአክብሮት ጋር፣

በኮምቦልቻና በደሴ ጋራዦች የናፍጣ ሞተርና የተርቦ መካኒኮች